የልጅ ምጽዋት ከማን ገንዘብ ነው?

በበዓል ቀን አባት ለልጁ ሳንቲም አስይዞ፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠው ነዳይ ስጥ ይለዋል። ልጁም ይሰጣል፤ ነገር ግን የአባቱን ገንዘብ አሻገረ እንጂ ከራሱ ምን አጐደለ? ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን እንዲያው ልስጥህ ባለው ጊዜ፥ ንጉሥ ዳዊት ዋጋ ያልወጣበትን መሥዋዕት ለማቅረብ አልወደደም፤ በ50 ሰቅል ብር ገዛ እንጂ።

ለሕፃን የራሱ ገንዘብ የሚሆንለት የቡሄ ሙልሙል ነው። ለነሐሴ 13 ቀን ዋዜማ ብላቴኖች መሬቱን በዱላ እየመቱ በየደጁ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ሙልሙሉንም ሲቀበሉ የቤቱን ጌታና እመቤት መርቀው ይሄዳሉ። ምስጋናን ከታላላቆቻቸው የሚማሩት እንዲህ ነው። (ዛሬ በከተማ በሙልሙል ፈንታ ብር መሰጠቱ ምርቃቱን የሸቀጥ ዋጋ አስመስሎታል።)

እንግዲህ ልጁ በድምፁና በእግሩ ያገኘውን ይዞ ሲገባ፥ እናቲቱ ተቀብላ ወደ ሌማቱ አትጨምረው፤ ለእርሱ ትተውለት። በማግሥቱ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፥ ከዚያ ሙልሙል ይቈርስ እንደ ሆነ ልጁ ይጠየቅ። እንቢ ቢል አይቈጡት፤ በቍጣ ያስለቀቁት ሙልሙል ተመልሶ የወላጆቹ ይሆናልና። እናቲቱ ከራስዋ ሌማት ቈርሳ ተማሪውን ታሰናብተው፤ ልጁም አጠገብዋ ቆሞ ይይ።