የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ

ልጄ፣ ለዚያች 1600 ቮልስህ ባለ ሁለት አፍ ዌበር ካርቡራተር ልትገዛ ሶማሌ ተራ ቀብድ ልትጥል ነው አሉኝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ዌበር አያምርም አልልህም፤ ድምፁም ልብ ይሰርቃል። የእንግሊዞቹን ኤም ጂ ቢ መኪና ያየ ሰው፣ 1,798 ሲሲ ሞተሯን ሁለት ኤስ ዩ ካርቡራተር ሲመግባት አይቶ ይቀናል። ባለቤቷ ግን ሁለቱ እኩል እንዲስቡ የጎማ ቱቦ ጆሮው ላይ ደግኖ የአንዱን ፉጨት ከሌላው ሲያመሳስል ይውላል። ጊዜ ላለው ደስታ ነው። በየማለዳው ከአስኮ መርካቶ ለምትመላለስ ላንተ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አፉ የሰፋ ካርቡራተር ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር አየሩ በውስጡ ያዘግማል። የሚያዘግም አየር ደግሞ ቤንዚኑን አጥብቆ ስቦ አይበትነውም። ነዳጅ ስትረግጥ መኪናዋ መጀመሪያ ትደናቀፋለች፣ ከዚያ ትሮጣለች። በእኛ ሰፈር ይህ ይብሳል፤ አስኮ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩም ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋብሪካው ለቆላ አስቦ የቀደዳት ጄት፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳዋ ብሎን፣ እዚህ ቤንዚን ታበዛለች። ጭሱ የሚጠቁረው፣ ካንዴላው ጥላሸት የሚለብሰው ለዚህ ነው። ስለዚህ የቮልስህን የራሷን ካርቡራተር፣ ሶሌክስ 34 ፒክት 3ን፣ አትጣላት። ዋናዋ ጄት ላይ 127.5 የሚል ከተጻፈ፣ ቀዳዳዋ 1.275 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ 120 ፈልገህ ሞክር። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ያሉት አባቶቻችን ካርቡራተር ባያዩም ነገሩን ጨርሰውታል።

ያገለገለ ካርቡራተር ከገዛህ የውጪው ንጣት አያታልልህ። ጋዙን የሚከፍተውን ዘንግ በጣትህ ይዘህ ወዝውዘው። ከተንቀጠቀጠ በጎኑ አየር ይሰርቃል፤ ቀኑን ሙሉ ብትጠመዝዘው ሚኒሞ አይይዝልህም። እንዲህ ያለውን ወይ ተወው፣ ወይ ዋጋ አስቀንሰህ ቶርኖ ቤት ቡሽ አስገጥምለት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሰው ሁሉ መኪና ሲያስቸግረው ካቻቢቴውን ይዞ የሚሮጠው ወደ ካርቡራተር ነው፣ ሥሩ ግን ሌላ ቦታ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቫልቮቹን 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ፑንቲናውን 0.4 አድርግ፤ የእሳቱን ጊዜ አስተካክል። ጥሩው ውሃ ደግሞ ቤንዚኑ ነው፤ የአሮጌ ታንክ ዝገት ጄት ይደፍናልና ፊልትሮውን ቀይር። እነዚህ ሳይሠሩ ካርቡራተር የሚነካ መካኒክ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ሂድ።

ይህ ሁሉ ካለቀ ሞተሩን በደንብ አሙቀው፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ይከፈት። በካርቡራተሩ ጎን ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ትልቋ የዙሩን ፍጥነት፣ ትንሿ የድብልቁን ልክ ትገዛለች። ትንሿን ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እስክትነካ ብቻ ዝጋት፤ ከጨቆንካት ጫፏ ይበላሻል፣ መቀመጫዋም ይጎዳል። ከዚያ ሁለት ዙር ተኩል መልሳት። አስነሥተህ በትልቋ 850 ዙር ላይ አድርሰው። አሁን ትንሿን በሩብ በሩብ እያዞርክ ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበትን ቦታ ፈልግ፤ ካገኘኸው በኋላ ዙሩ 20 ወይም 30 እስኪቀንስ ወደ ውስጥ መልሳት። በመጨረሻ በትልቋ እንደገና 850። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና በእያንዳንዱ ሩብ ዙር ቆም ብለህ አዳምጥ።

ቀጥሎ እስከ ቡራዩ ንዳትና ተመለስ፤ ካንዴላ ፍታ። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ ቡናማ ከሆነ እጅህ ይባረክ። ነጩን ከጥቁሩ ይልቅ ፍራው። ጥቁሩ ገንዘብህን ይበላል፤ ነጩ ግን በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተርን ያግለዋል፣ የጭስ ቫልቩንም ያቃጥላል።

ቮልስ ናት ብለህ ደግሞ አትናቃት። ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነበረች።

አዋሽ የምትወርድ ቀን ያቺን 127.5 በኪስህ ያዝ። አዋሽ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ አየሩ ይወፍራል፣ ለአስኮ የጠበበችው ጄት እዚያ ታስርባለች። ጄቷን ለመቀየር ሞጆ ላይ ቁም፣ ሞተሩ ይብረድ። በካርቡራተሩ ጎን ያለችውን ብሎን ስትፈታ ቤንዚን ይፈሳልና ጨርቅ ከሥሩ አድርግ፤ ጄቷ ከኋላዋ ናት፣ በካቻቢቴ ትወጣለች። ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብህ እንዳይቆም።