ውሻ ከመምረጥህ በፊት

ልጄ፣ በሱዳኗ ገዳሪፍ ዶካ አጠገብ ፍየልና በግ ማርባት ስትጀምር «አዳኝ ውሻ ላሳድግ ወይስ የመንጋ ጠባቂ?» ብለህ መጠየቅህ ደግ አድርገሃል። ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀው ጠቦቱ ከተበላ በኋላ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፦ ጠባቂውን ያዝ። ምክንያቱንም ስማኝ፤ ምክንያቱን ያልያዘ ሰው ወገበ ቀጭን ውሻ ሲሮጥ ባየ ቀን ምክሩን ይረሳል።

አዳኝ ውሻ ልብ እንደሚሰርቅ አልክድም። ዐረቦች ሳሉቂ የሚሉትን ተመልከት፤ ደረቱ የጠለቀ፣ እግሩ የረዘመ፣ አካሉ ለሩጫ ብቻ የተሠራ የሚመስል። የሚያድነው በአፍንጫው ሳይሆን በዐይኑ ነው። ሩቅ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ ይነሣል፤ ከተነሣም ጌታው ቢጠራው አይመለስም። ይህ ጥፋቱ አይደለም፤ ከትውልድ ትውልድ ለዚሁ እየተመረጠ የተዋለደ ነው። ነገር ግን ደንግጣ የምትፈረጥጥ ግልገልም ለእርሱ ዐይን ከሚዳቋ እምብዛም አትለይም። እንዲህ ያለውን ውሻ ከመንጋ ጋር ትተህ ብትተኛ ጥፋቱ ያንተ ነው።

«አገሩ የአዳኝ አገር አይደለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 በአትባራና በሰቲት ወንዞች ዳር ሲጓዝ፣ የሐምራን ዐረቦች በፈረስ ሆነው ዝሆን በሰይፍ ሲጥሉ አይቶ ጽፏል። ያ ዘመን አልፏል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የገዳሪፍ ሜዳ በትራክተር እየታረሰ የማሽላና የሰሊጥ ማሳ ሆነ። ዲንደር ከ1935 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚዋሰነው የእኛው አልጣሽም የተጠበቀ ፓርክ ነው። ወደ መተማ ብትሻገርም በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ያስጠይቅሃል። ውሻህ የሚያሳድደው ከጠፋ ደግሞ የሚያሳድደው የጎረቤትህን ፍየል ነው፤ የሚረግጠው የሰው ሰሊጥ ነው። ገበሬና አርቢ በግጦሽ መሬትና በከብት ማለፊያ በሚጣሉበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። አዳኝ ውሻ ጌታውን ከኋላው ያስሮጠዋል። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ በድንበሩ በአል ፋሽጋ የሆነውን ግጭት ሰምተሃል፤ ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ሱዳን ያለችበትን ጦርነትም በዐይንህ እያየህ ነው። ታጣቂ በበዛበት ጫካ ውሻ ተከትሎ የሚሮጥ ወጣት ሲታይ፣ ጠይቆ ከሚተኩስ ይልቅ ተኩሶ የሚጠይቅ ይበዛል።

አሁን ወደ በረትህ ተመለስ። ጠላትህ ማታ ማታ የሚመጣው ጅብ፣ ግልገል የሚያነሣው ቀበሮና ሌባ ነው። አልጣሽ አካባቢ አንበሳ መኖሩም እ.ኤ.አ. በ2016 በተመራማሪዎች ካሜራ ተረጋግጧል። ከእነዚህ ጋር ታግሎ የሚያሸንፍ ውሻ አትፈልግ፤ ጅብ ውሻ ይበላል። የጠባቂ ሥራ አውሬው ሳይቀርብ መጮህ፣ በመንጋውና በአውሬው መካከል መቆም፣ አንተን መቀስቀስ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እንዳይደርስብህ። በናሚቢያ ለአቦሸማኔ ጥበቃ የቆመው ድርጅት ከ1994 ጀምሮ የአናቶሊያ ጠባቂ ውሾችን ለገበሬዎች ሲሰጥ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍየሉ ካልተበላ ገበሬው አቦሸማኔውን አይገድልም።

ጠባቂ በዘሩ ብቻ አይገኝም፤ ግማሹ አስተዳደግ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1833 በዛሬዋ ኡራጓይ ያየውን ሲጽፍ፣ እረኞቹ ቡችላውን ገና በሕፃንነቱ ከእናቱ ለይተው የበግ ጡት እንደሚያጠቡት፣ በጉረኖው ውስጥ የሱፍ መኝታ እንደሚሠሩለት፣ ከሌሎች ውሾችና ከቤቱ ልጆች ጋር እንዳይውል እንደሚከለክሉት ተርኳል። አንተ ይህን ሁሉ ማድረግ አይጠበቅብህም። ቡችላው ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ግን ወደ ጉረኖ አስገባው። እዚያው ይብላ፣ እዚያው ይተኛ። ረጋ ያሉ እናት በጎች አብረውት ይሁኑ፤ ግልገል የያዘች በግ ገፍታ ሥርዓት ታስተምረዋለች። ልጆች ኳስ እየወረወሩ አያጫውቱት። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ከመንፈቅ ጎረምሳ ነው፤ ጨዋታ መስሎት ጠቦት ሊያሳድድ፣ ጆሮ ሊያኝክ ይችላል። በዚያ ጊዜ ብቻውን አትተወው፤ ባየኸው ቅጽበት ቆጣ በል። ሙሉ እምነት የሚጣልበት ሁለት ዓመት ሲሆነው ነው። ቢቻልህ ሁለት አሳድግ፤ አንዱ ሲጮህ አንዱ ከመንጋው አይለይም።

ከከተማ ጀርመን ሸፐርድ ላስመጣ እንዳትል። እርሱ እረኛውን እየታዘዘ በግ ለመንዳት የተዋለደ ነው፤ ብቻውን ከመንጋ ጋር አድሮ መጠበቅ ሌላ ሙያ ነው። ፀጉረ ጥቅጥቁ የባሕር ማዶ ውሻም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በገዳሪፍ ሚያዝያ ያለከልካል እንጂ አይጠብቅም። ከእረኞች ዘንድ ሂድ፤ ከመንጋ ጋር ወጥታ ከመንጋ ጋር የምትገባ ውሻ ፈልግና ከእርሷ ቡችላ ለምን።

ካገኘህ በኋላ አደራህን ጠብቅ። በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትበው። ሰው ከነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሰውየውም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከብት ስታርድ እባጭ ያለበትን ጉበትና ሳንባ አትጣልለት፤ በእባጩ ውስጥ ያለው ትል በውሻው በኩል ወደ መንጋህና ወደ ልጆችህ ይመለሳል።

ጎረቤቶችህ ሙስሊሞች ናቸው፤ ውሻህን ቤታቸው አታስገባ፣ ዕቃቸውን አይላስ። የመንጋ፣ የእርሻና የአደን ውሻ በሃይማኖታቸው የተፈቀደ ነውና ስለ ውሻው አይጠሉህም፤ የሚያስቀይማቸው ልቅነትህ ነው።

አዳኝ ውሻ ካማረህም አትሙት፤ መንጋህ በርክቶ፣ አገሩ ሰላም ሆኖ፣ የአደን ፈቃድ በእጅህ ሲገባ ታሳድገዋለህ፤ ያኔም ከጉረኖው አርቀህ እሰረው። እስከዚያው ግን ከአንድ ውሻ ሁለት ሙያ አትጠብቅ። እግዚአብሔር መንጋህን ያብዛልህ፣ አገሩንም ሰላም ያድርግልህ።