«ተነሺና ሥሪ» ከማለታችን በፊት

ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ድንኳኑ እስካልተነቀለ፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበር እስካልተነሣ፣ ንፍሮውና ቡናው እስካልተቋረጠ ድረስ ኀዘንተኛይቱ ብቻዋን አይደለችም። በሦስተኛው ቀን ግን ድንኳኑ ይነቀላል፤ ወንበሩም ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ይመለሳል። እስከ ሰባቱና እስከ አርባው የሚመላለሰው ሰው ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ደግሞ ደጃፏን የሚያንኳኳው ለድግሱ ያበደራትን ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኛ ካህናትና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ብዙውን ጊዜ ወደዚያች ሴት የምንሄደው በዚህ ወቅት ነው። ሄደንም የምንናገረው የታወቀ ነው፦ «አይዞሽ፤ ለልጆችሽ ስትዪ ተነሺ፤ አንድ ሥራ ያዢ፤ ሥራ ኀዘንን ያስረሳል» እንላለን።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፦ እንዲህ የማለት መብት የሚኖረን መቼ ነው? በኀዘንና በችግር ውስጥ ያለችን ሴት ወደ አዲስ ሥራና ወደ አዲስ የሕይወት ዓላማ እንድትደርስ መርዳት መልካም ተግባር መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜን የተካሄደው ጦርነት ብዙ ሴቶችን ያለ ባል፣ ብዙ እናቶችንም ያለ ልጅ አስቀርቷልና ጉዳዩ ከየቁምስናችን ደጅ የራቀ አይደለም። ነገር ግን መልካም ነገር ያለጊዜው ሲደረግ፣ ወይም የሌላውን ሰው ፈቃድ ተክቶ ሲደረግ፣ መልካምነቱን ሊያጣ እንደሚችል ከራሴ ስሕተት ተምሬአለሁ።

የተሸፈነው መኪና

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት ቁምስና አንዲት እኅታችን ባሏን በመኪና አደጋ አጣች። ሟቹ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ ሦስት ልጆች ጥሎ ሄደ። በሁለተኛው ወር ከበጎ አድራጊዎች ገንዘብ ለምኜ የልብስ ስፌት መኪና ገዛሁላት። ከሁለት ወጣቶች ጋር አስጭኜ ስሄድ ልቤ በደስታ ተሞልቶ ነበር። እርሷም ብድግ ብላ ተቀበለችን፤ መስቀል ተሳልማ አመሰገነች። በዓመቱ መጨረሻ ባቀረብሁት ሪፖርትም ላይ «አንዲት መበለት ራሷን እንድትችል ተደርጓል» ብዬ ጻፍሁ።

ከስድስት ወር በኋላ ቤቷ ስገባ መኪናው ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ፣ በላዩም የባሏ ፎቶግራፍና የልጆቿ ደብተሮች ተቀምጠውበት አገኘሁት። ቅር መሰኘቴን ከፊቴ ላይ ያነበበች ይመስለኛል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባ፣ አይቀየሙኝ። ከዚህ ቤት በመኪና የወጣው ሰው አልተመለሰም፤ እርስዎ ደግሞ ሌላ መኪና አመጡልኝ። ምን ልሠራ እንደማስብ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም» አለችኝ።

«ለቀባሪው አረዱት» የሚባለው ተረት በእኔ ላይ ደረሰ። ባሏን በእጇ ለቀበረች፣ ሌሊቱን በልቅሶ አድራ ጠዋት ለልጆቿ ቁርስ ለምታቀርብ ሴት ስለ ብርታት ሰብኬላት ነበር። የሰጠኋት ነገር በራሱ ክፉ አልነበረም። ክፋቱ፣ የኀዘኗን መጨረሻ እኔ ወስኜ፣ የዓላማዋንም ስም እኔ አውጥቼ መሄዴ ነበር።

የኀዘን መድኃኒት ቅደም ተከተል

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ (እ.ኤ.አ. 1225–1274) «ሱማ ቴዎሎጂካ» በተባለው ታላቅ ድርሰቱ ስለ ኀዘን መድኃኒቶች ሲያስተምር አምስት ነገሮችን ይዘረዝራል፦ ደስታን፣ ልቅሶን፣ የወዳጆችን ርኅራኄ፣ እውነትን ማስተንተንን፣ በመጨረሻም እንቅልፍንና ገላን መታጠብን። ውስጥ ውስጡን ታፍኖ የሚቀር ጉዳት ይበልጥ ይጎዳል፤ ልቅሶ ግን ወደ ውጭ ያወጣዋል ይላል። ወዳጆች ከኀዘንተኛው ጋር ሲያዝኑም ከባዱን ሸክም አብረው የተሸከሙለት ያህል ይቀለዋል ብሎ ያስረዳል። ሥራ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለመግባቱን ልብ እንበል። ሊቁ ሥራን የናቀ ሰው አልነበረም፤ ሃምሳ ዓመት ባልሞላ ዕድሜው የጻፈው ብዛት ራሱ ምስክር ነው። ሆኖም የሰው ልጅ ሥጋና ነፍስ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ለተጎዳ ሰው አስቀድሞ የሚያስፈልገው ማልቀስ፣ ሰው ማግኘት፣ መተኛትና መታጠብ መሆኑን አልዘነጋም።

የአገራችንም ባህል ይህን ሳይማር ያወቀው ይመስላል። «እህል ቅመሺ» እያሉ የሚለምኑ፣ ከጎኗ አንጥፈው የሚያድሩ፣ ልጆቿን ወስደው የሚያጥቡ ጎረቤቶች የሊቁን ትምህርት በተግባር ይፈጽማሉ። የባህላችን ድካም ቶሎ ማለቁ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ደቂቃ ብቻዋን ያልተዋትን ሴት በአራተኛው ወር ማንም አያስታውሳትም።

በቅዱስ ወንጌል ጌታችን በናይን ከተማ በር አንድ ልጇን ልትቀብር የምትሄደውን መበለት እንዳታለቅስ ነገራት። ይህን ሊል የሚችለው ግን ልጇን አስነሥቶ ለእናቱ የሚመልስላት እርሱ ብቻ ነበር። በቢታንያ ደግሞ፣ አልዓዛርን ሊያስነሣ እንደሆነ እያወቀ እንኳ፣ ከእኅቶቹ ጋር እንባውን አፈሰሰ። እንግዲህ የሞተውን መመለስ የማንችል እኛ «አታልቅሺ» ለማለት ከመቸኮላችን በፊት አብረን ማልቀስን ልንማር ይገባናል።

ረኃብ ግን አይጠብቅም

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «አባ፣ ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ልጆቹ ግን ነገ ምን ይበላሉ? የቤት ኪራዩስ?» የሚለኝ አለ። ተቃውሞው እውነት ነው፤ ላልፈውም አልችልም። ሀብታሟ መበለት ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሳ ልትቀመጥ ትችላለች። ደኻይቱ ግን ከሦስቱ ቀን በኋላ ሰው ቤት እንጀራ ልትጋግር፣ ልብስ ልታጥብ፣ ወይም ጉሊት ልትቀመጥ ትወጣለች። እንባዋን በምጣዱ ጢስ አሳብባ ታፈሳለች። እንግዲህ ለማዘን ጊዜ ማግኘት ራሱ የፍትሕ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንይ። አንዱ ለዕለት እንጀራ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ይህ አይዘገይም። ሁለተኛው ሰው «ለዚህ ቆሜአለሁ» ብሎ የሚይዘው፣ ከጥሪ የሚቆጠር ሥራ ነው፤ ይህ ደግሞ አይቸኮልም። ስሕተታችን የመጀመሪያውን በሁለተኛው ስም መጥራታችን ነው። የተቸገረችውን ሴት ያገኘነው ሥራ ላይ አስቀምጠን «አዲስ ሕይወት ጀመረች» እንላለን። ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 «ላቦሬም ኤክሰርቼንስ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው እንዳስተማሩት፣ የሥራ ክብር የሚለካው ከሁሉ አስቀድሞ ሠሪው ሰው በመሆኑ ነው። ሠሪይቱ ያልመረጠችው፣ ያልተጠየቀችበት ሥራ ልጆቿን ይመግብ ይሆናል፤ የቆሰለ ልቧን ግን አይጠግንም።

ቁምስና ለአንዲት መበለት ሊሰጣት ከሚችለው ስጦታ ሁሉ የሚበልጠው፣ እንግዲህ፣ ጊዜ ነው። የጥቂት ወራት የቤት ኪራይ፣ አንድ ኩንታል እህል፣ የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ ሲሸፈንላት የምናበላት እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ጊዜ ገዛንላት ማለት ነው። ለሙታን መጸለይና መሥዋዕተ ቅዳሴ ማሳረግ የእምነታችን ክፍል ነው፤ በብድር የሚደገስ ተዝካር ግን አይደለም። ለአንድ ቀን ድግስ የሚወጣው ገንዘብ ለስድስት ወር ዱቄት ቢሆን ሟቹም ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ከምጽዋት በፊት መብት

መጽሐፈ ሩት በዚህ ነገር ታላቅ መምህራችን ነው። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ፣ በቀድሞ ስሟ እንዳይጠሯትና «መራራ» እንዲሏት ጠየቀች። ሩትም አልገሠጸቻትም፤ አብራት መንገድ ሄደች እንጂ። ከዚያም ሩት ቃርሚያ ለመልቀም ወጣች። ቃርሚያው ግን የባለ እርሻው ቸርነት ብቻ አልነበረም፤ የሙሴ ሕግ ለመበለት፣ ለድኻ አደግና ለመጻተኛ የወሰነው ድርሻ ነበር። ቦዔዝ ከሕጉ አልፎ ነዶ እንዲጥሉላት አዘዘ፤ መጀመሪያ ግን ሕግ ነበረ።

እኛም ለመበለቲቱ የስፌት መኪና ከመግዛታችን በፊት፣ የሟቹ ወንድሞች መሬቱን ወይም ከብቱን ወስደውባት እንደሆነ እንጠይቅ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በንብረትና በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም የጋራ ሀብትን ለባልና ለሚስት በእኩል ያካፍላል። ግማሹ የራሷ ነው፤ ማንም ያወረሳት አይደለም። መብቷን የተነጠቀችን ሴት «ጠንካራ ነሽ» እያልን ብናመሰግናት፣ ምስጋናችን ለቀማኛው መሸሸጊያ ይሆንለታል።

የአንድ መሪ ትዕግሥት

ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሉዊዛ ደ ማሪያክ በፓሪስ ትኖር የነበረች እናት ናት። ባሏ ለረጅም ጊዜ ታሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1625 ሲሞት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይዛ ቀረች። ስለ ልጇ በጣም የምትጨነቅ፣ በጥርጥርም የምትሠቃይ ነበረች። ነፍሷን ይመራ የነበረው ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል በዚያን ጊዜ ለድኾች በብዙ ቦታ የፍቅር ሥራ ማኅበራትን ያቋቋመ፣ ሠራተኛም አጥብቆ የሚፈልግ ካህን ነበር። ይሁን እንጂ ወዲያው ለሥራው አላሰማራትም። በደብዳቤና በምክር እያረጋጋት ሦስት ዓመት ያህል ከታገሠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1629 ማኅበራቱን እንድትጎበኝ ላካት። በ1633 ከጥቂት የገጠር ልጃገረዶች ጋር በራሷ ቤት ውስጥ የፍቅር ሥራ ልጆች ማኅበርን ጀመረች፤ ይህ ማኅበር ዛሬ በአገራችንም ያገለግላል። ቪንሰንት ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ አንዲት የደከመች ረዳት ያገኝ ነበር፤ በመታገሡ ግን ከጎኑ የምትቆም መሥራች አገኘ።

ሥራው ከየት መጣ?

ወደዚያች እኅታችን ልመለስ። ከዚያ ቀን በኋላ ምክሬን ትቼ መጠየቅ ጀመርሁ። የሚያስጨንቃት የተተኪ ጡረታው ጉዳይ እንደሆነ ነገረችኝ። የሞት የምስክር ወረቀት ከአንዱ ቢሮ፣ የጋብቻው ማስረጃ ከሌላው፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት እያለች ወራት ተመላለሰች። ከቁምስናችን አንዲት አረጋዊት እናት ቀን በቀን አብረዋት ይሄዱ ነበር። ጡረታው በመጨረሻ ተፈቀደላት። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ መበለቶች አንድ በአንድ ወደ እርሷ መምጣት ጀመሩ፤ የትኛው ወረቀት ከየት እንደሚወጣ፣ የትኛው መስኮት ጠዋት፣ የትኛው ከሰዓት እንደሚከፈት ከእርሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ለብዙዎች ጉዳይ አብራ ትቆማለች፤ ቁምስናውም የትራንስፖርትና የድካም ዋጋዋን ይከፍላታል። የስፌቱን መኪና ስፌት ለምትወድ ለጎረቤቷ ልጅ አዋሰቻት።

ኀዘኗ ግን አልሞተም፤ ባሏ ባረፈበት ቀን ዛሬም በሯን ዘግታ ታለቅሳለች። ሐዋርያው ጴጥሮስ ኢዮጴ በደረሰ ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ፣ ጣቢታ የሠራችላቸውን ቀሚስ ያሳዩት እንደነበር እናስታውስ። እንባውና የእጅ ሥራው በአንድ ላይ ቀርበው ነበር፤ አንዱ ለሌላው ቦታ አልለቀቀም።

ከአንድ አደገኛ ንግግር ግን እንጠንቀቅ። ሥራዋ ባማረ ጊዜ «እግዚአብሔር ባልሽን የወሰደው ለካ ለዚህ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን አንበል። እግዚአብሔር ከክፉ ነገር መልካም ማውጣት ይችላል፤ ስለዚህ ግን ክፉው መልካም ነበር ማለት አይደለም። የአንድ ሰው ሞት ለሌላው ሥራ መክፈቻ የተከፈለ ዋጋ አይደለም።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ኀዘንተኛ እኅታችን ስትሄዱ፣ ባዶ እጃችሁን መሄዳችሁ አያሳፍራችሁ። ከአርባው በኋላም ሂዱ፤ በአራተኛው ወርም ሂዱ። ከእናንተ ጋር ኀዘንን የምታውቅ አንዲት እናት ትኑር። ጠይቁ፤ መልሱ እስኪመጣ ጠብቁ፤ በሪፖርት ላይ ስሟን ለማስፈር አትቸኩሉ። አባቶቻችን ለኀዘንተኛ ያወረሱን ቃል «ተነሺ» የሚል አይደለም፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚል ነው። የሚያጸናው እርሱ ነው፤ የእኛ ድርሻ እስክትጸና ድረስ ከአጠገቧ አለመጥፋት ነው።