ወገን በፍጥረት፣ ስም በሰው

በኦሪት ዘፍጥረት ትረካ ፍጥረታትን እንደየወገናቸው ያስገኘው እግዚአብሔር ሲሆን ስም ያወጣላቸው ግን አዳም ነው፤ ከዚህም የሚነሣው ጥያቄ ሰው ለአንድ ፍጥረት ስም ሲሰጥ ቀድሞ የተለየውን ወገን ይቀበላል ወይስ ድንበሩን ራሱ ያሰምራል የሚል ነው። አዳም የሰየመው ያየውን ነው፤ በነፋስ ተሳፍረው የሚዞሩ ባክቴሪያዎች ግን በዓይን የማይታዩ፣ በማይክሮስኮፕም ሲታዩ ብዙዎቹ ዘንግ ወይም ድቡልቡል ከመምሰል የማያልፉ በመሆናቸው ጥያቄው በእነርሱ ላይ ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ከሕንድ ከተማ ከሃይደራባድ የተለቀቀ ግዙፍ ባሉን ከ20 እስከ 41 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለውን አየር ሰብስቦ ተመለሰ፤ በቤተ ሙከራም ከናሙናው 12 የባክቴሪያ ኮሎኒዎች፣ ማለትም ተባዝተው በዓይን እስኪታዩ የደረሱ የሕዋስ ክምችቶች፣ በቀሉ። ተመራማሪዎቹ ፕሮቲን የሚሠራውን የሕዋስ ክፍል፣ ራይቦሶምን፣ ለመገንባት የሚያገለግለውን 16ኤስ የተባለ ዘረመል ከታወቁት ዝርያዎች ጋር አነጻጽረው ሦስቱን አዲስ ዝርያ ሲሉ በ2009 አሳተሙ። አንዱን ሕይወት ከጠፈር መጣ ብሎ ይከራከር በነበረው እንግሊዛዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ በፍሬድ ሆይል ስም ጃኒባክተር ሆይሊ፣ ሁለተኛውን በሕንድ የጠፈር ምርምር ድርጅት ምህጻረ ቃል ባሲለስ ኢስሮኔንሲስ፣ ሦስተኛውን በጥንታዊው የሒሳብ ሊቅ በአርያባታ ስም ባሲለስ አርያባታይ አሏቸው።

ይሁንና እንስሳትን ለመለየት የሚያገለግለው መስፈርት፣ ተዳቅሎ ፍሬያማ ዘር መተካት፣ ተከፍለው ለሚባዙና ዘረመልን ከባዕድ ወገን ሳይቀር ለሚቀባበሉ ባክቴሪያዎች አይሠራም። ስለዚህ ሊቃውንቱ በቁጥር ተስማሙ፤ ዛሬ የሁለት ባክቴሪያዎች ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘረመል ጽሑፍ፣ በአማካይ ከ95 እስከ 96 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከተመሳሰለ አንድ ዝርያ ናቸው ይባላል። ቁጥሩ የሰው ስምምነት ቢሆንም ከባዶ የመጣ አይደለም፤ በ2018 ወደ 90,000 የሚጠጉ ጂኖሞችን ያነጻጸረ ጥናት ከ83 እስከ 95 በመቶ ባለው መካከል የሚወድቁ ጥንዶች እጅግ ጥቂት መሆናቸውን አሳይቷል። መስመሩን ያሰመረው ሰው ነው፤ የተሰመረው ግን ተፈጥሮ አስቀድማ ባሳሳችው ሥፍራ ላይ ነው።

ከሦስቱ ስሞች ሁለቱ ግን አልጸኑም። ኢስሮኔንሲስ በ2016 ወደ ሶሊባሲለስ ወገን ተዛወረ፤ የስሙ ሥር በላቲን አፈር ማለት ነውና ከሰማይ የተለቀመው ባክቴሪያ በስያሜ ወደ ምድር ወረደ። አርያባታይም በ2020 ፕሪስቲያ ወደተባለ ወገን ገባ። በስም ለውጡ መካከል ያልተለወጠው፣ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ቢያንስ በሁለት አገሮች በሚገኙ ማከማቻዎች በሕይወት የሚጠበቀው መለያ ናሙና ነው፤ ስሙ የታሰረው በትርጓሜው ሳይሆን በዚህ ሕያው ፍጡር ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአንድምታ ትምህርት ንባቡ አንድ ሆኖ ሳለ ትርጓሜው «አንድም» እየተባለ ይበዛል። የባክቴሪያ ስያሜ ከዚህ የሚለየው ከትርጓሜዎቹ አንዱን መርጦ በማጽናቱ ነው፤ የቀደመውን ስም ግን በመዝገብ ያቆየዋል እንጂ አይፍቀውም፣ ንባቡ የሆነውን ፍጡርም ከስሙ በላይ ያከብራል። ከዚህ አንጻር ለአዳም የተሰጠው ሥልጣን ወገንን የመፍጠር ሳይሆን የማንበብ ሥልጣን ነው፤ አንባቢም ተሳስቶ ሲገኝ የሚታረመው ንባቡ ሳይሆን እርሱ ነው።