ጥርኝ ውሃና የዘኬዎስ ዕዳ

ሰው ሰውን የሚወደው በአብዛኛው በምክንያት ነው፤ ወይ ስለ ደግነቱ፥ ወይ ስለ ዝምድናው፥ ወይም ውሎ አድሮ ከእርሱ ስለሚገኘው ጥቅም። ምክንያቱ ሲጠፋ ፍቅሩም አብሮ ይጠፋል። የክርስትና እምነት ግን የእግዚአብሔርን ፍቅር ከዚህ ለይቶ ያያል። ስዊድናዊው የነገረ መለኮት ሊቅ አንደርስ ኒግሬን በ1930 እና በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ድርሰቱ እንዳስረዳው፥ በግሪክኛ አጋፔ የተባለው ይህ ፍቅር የተወዳጁን ዋጋ አይቶ የሚነሣ አይደለም፤ ዋጋ ለሌለው ዋጋ የሚሰጥ ነው እንጂ።

በአገራችን ይህን ነገር ለሕዝቡ ያስተማረው ከሊቃውንት ድርሰት ይልቅ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚተረክለት፥ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም የሚሣለው ይህ ሰው ቤተ ሰቦቹን ጭምር 78 ነፍስ የበላ ነው። አንድ ቀን በእመቤታችን ስም ለለመነው በሽተኛ ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ከሞተም በኋላ ሥራው በሚዛን ሲመዘን በአንድ ወገን 78 ነፍስ፥ በሌላው ያች ውሃ ሆነች፤ የእመቤታችን ጥላ ባረፈባት ጊዜ ውሃዋ ሚዛን ደፋች።

«እንግዲያስ ምሕረቱ በውሃ ተገዛ» የሚሉ አሉ። ለእኔ እንዲህ አይመስለኝም። ውሃዋ ክፍያ ብትሆን ኖሮ ጥላው ባላስፈለገ ነበር፤ ሚዛኑማ በራሱ ፈርዶ ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ፥ ስለ ተበሉትስ ማን ይናገር? የሚለው ነው። ሥዕሉን የሚመለከት ሰው ዐይኑ ወደ ሚዛኑ ይሄዳል፤ 78ቱ ግን ስም እንኳ የላቸውም። አንድ ዳኛ በችሎት ተቀምጦ፥ ወይም አንድ መምህር ደካማውን የሚያስጨንቅ ተማሪ ፊቱ ቆሞ፥ «ፍቅር ምክንያት አይሻምና ልለፈው» ቢል፥ ዕዳውን የሚከፍለው እርሱ ሳይሆን የተበደለው ነው። በሰው ቍስል ቸር መሆን ለማንም አይከብድም።

ለዚህ ጥያቄ መንገድ የሚያሳየን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የተጻፈው የዘኬዎስ ታሪክ ነው። ዘኬዎስ በኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ ነበር፤ እንደ ዛሬው አነጋገር ባለ ሥልጣን መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ቀራጭ ከታዘዘው በላይ ሰብስቦ ትርፉን ለራሱ የማስቀረት ዕድል ስለ ነበረው ሕዝቡ አጥብቆ ይጠላው ነበር። ቁመቱ አጭር ነበርና ጌታን ለማየት ሾላ ላይ ወጣ። ጌታም ከዘኬዎስ አፍ አንድ የንስሐ ቃል ሳይወጣ በስሙ ጠርቶ በቤቱ እንደሚያርፍ ነገረው። አስቀድመህ ካስ፥ ከዚያ እመጣለሁ አላለውም። ሕዝቡ ያጕረመረመውም በዚህ ነበር፤ ማጕረምረሙም ያለ ምክንያት አልነበረም።

የሆነው ግን ሕዝቡ ያልጠበቀው ነው። ዘኬዎስ ተነሥቶ የሀብቱን እኩሌታ ለድኆች፥ የበደለው ሰው ካለም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። የኦሪት ሕግ በዘኍልቍ ምዕራፍ 5 በደሉን ለተናዘዘ ሰው ያዘዘው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጁን እንዲጨምርበት ብቻ ነበር። ስለዚህ ፍቅሩ ካሣን ዋጋው አድርጎ አልጠየቀም፤ ሆኖም ሕግ ከሚያስከፍለው ይበልጥ አስከፈለ። በውጭ ቆመው ካጕረመረሙት መካከልም ገንዘባቸውን ያገኙ ሳይኖሩ አይቀርም።

በላዔ ሰብእ ግን አራት እጥፍ የሚመልስለት ሰው አልነበረውም፤ ዕዳውን የሚቀበሉት ሁሉ አልቀው ነበር። ምናልባት ተራኪዎቹ ከውሃ በቀር ሌላ ነገር በእጁ ያላስቀሩለት ስለዚህ ይሆናል።