የጠጣ ይሳፈር፣ መጠጡ ግን ይቅር

ልጄ፣ ከሞጆ አዳማ በሚመላለሰው ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆነህ ሥራ ከጀመርክ ወዲህ ያነሳህብኝ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ተሳፋሪ ቢራውን ከፍቶ ሲጠጣ ልከልክለው ወይስ ዝም ልበለው? አልከኝ። ሂሳቡን ከፍሏል፣ መሪ አልያዘም፣ የሚጠጣውም በገዛ ገንዘቡ ነው። ብትከለክለው ይሰድብሃል፤ ዝም ብትለው አጠገቡ ያለው ያዝንብሃል። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ያሉት ለእንዲህ ያለው ጭንቅ ነው። እኔ ከልክለው እልሃለሁ። ምክንያቱን ሳያውቅ የሚከለክል ሰው ግን ሲጠየቅ የሚመልሰው ቁጣ ብቻ ነውና፣ ምክንያቴን ስማኝ።

መጠጥ የሚባል ነገር አይጠጣ የምል ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ብለን ያደግን ነን፤ መጠጥ ዕቃ አለው፣ ቦታ አለው፣ ሥርዓትም አለው። ድግስ ላይ ጠላ ሲቀዳ ያየህ እንደሆነ፣ አሳላፊው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ሽማግሌ ይመርቃል። ባለቤቱ ማን ስንት እንደደገመ በዓይኑ ይከታተላል፤ የበዛበትን ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ ደግፎ ወደ ጓዳ ወስዶ ያስተኛዋል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ በዘመድ መካከል የወጣውን ነገር ግን ዘመድ ይሸፍነዋል፣ ጠዋት ይቅር ይባባሉበታል። ሚኒባስ ውስጥ ማን ይሸፍንለታል? አንዱ ስለ ሌላው ብሔር ወይም ሃይማኖት ክፉ ቃል ቢያመልጠው፣ የሚሰሙት ስሙን እንኳ የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ቃሉን ይዘውት ይወርዳሉ፤ አንዳንዱም ሳይወርድ እዚያው ይመልስለታል።

ደግሞ የኛ ከተማ ምን ዓይነት ከተማ እንደሆነች አስብ። ሞጆ መገናኛ ናት። የጅቡቲው መንገድ በዚህ ያልፋል፣ የሐዋሳው ከዚህ ይገነጠላል፣ ደረቅ ወደቡ ሰውን ከየአገሩ ይሰበስባል። አንድ ሚኒባስ ውስጥ ከመስጊድ የወጣ አባት፣ ከቸርች የምትመለስ እኅት፣ ጾም የያዘች እናት፣ ከቆዳ ፋብሪካ ፈረቃ የወጣ ወጣት፣ ልጇን አዝላ አዳማ ሐኪም ቤት የምትሄድ ሴት ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ይቀመጣሉ። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ የቢራው አረፋ የሚፈሰው በጠጪው ልብስ ላይ ብቻ አይደለም። እኛ እጃችንን ጠርገን የምናልፈውን ጠብታ፣ ያ አባት ሳያጥብ ሊሰግድበት አይፈልግም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መውጫ ማጣት ነው። መጠጥ ቤት ውስጥ ጎረቤትህ ካስቸገረህ ሂሳብህን ከፍለህ ትወጣለህ። መኪና ውስጥ የተከፈለው ሂሳብ ራሱ ያስርሃል። የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ መስኮት ጥግ የተቀመጠች ተማሪ ይታይህ። አጠገቧ ያለው ሰው አንድ ጠርሙስ ጨርሶ ሁለተኛውን ከፍቷል። በመጀመሪያው ስሟን ጠየቃት፣ አሁን እጁን በወንበሯ መደገፊያ ላይ ዘርግቷል። ለመውጣት በጉልበቱ ላይ መሻገር አለባት፤ ለመጮኽ ታፍራለች። አሮጌው መንገድ ላይ ቢሆን «ወራጅ አለ» ብላ ትወርድ ነበር፣ ምንም እንኳ የከፈለችበት መንገድ ገና ቢሆን። በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ግን እሱም የለም፤ እዚያ መንገድ ላይ መቆም ክልክል ነው፣ እስከ መውጫው በር ድረስ አብራው ተጨንቃ ትሄዳለች። ልጄ፣ ይህቺ ልጅ እኅትህ ብትሆን ብዬ አልጠይቅህም። እኅትህ ባትሆንም በሩን ዘግተህ የተቀበልካት አንተ ነህና፣ እስክትወርድ ድረስ አደራህ ናት።

የቀድሞዎቹ ይህን የተረዱት ይመስለኛል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲው ባቡር በእኛም ከተማ ጣቢያ ነበረው። መንገደኛ ሲደክመው የሚያርፍበት፣ የሚበላበትና የሚጠጣበት ቦታ ጣቢያው ላይ ነበር፤ አዋሽ ላይ ቡፌው፣ አዲስ አበባ ላይ ቡፌ ዴ ላ ጋር። ሰው ከባቡሩ ይወርዳል፣ ወንበር ይይዛል፣ ይጠጣል፣ የማይጠጣው ደግሞ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ዛሬም መናኸሪያው ዙሪያ ስንት ግሮሰሪ አለ! የጠማው እዚያ ጠጥቶ ይምጣ።

«ሰው እኮ አይሰማም» ትለኛለህ። ሲጋራን አስታውስ። አውቶቡስ ውስጥ ሲጋራ ማጨስ እንደ መብት የሚታይበት ጊዜ ነበር፤ ሕፃን ሲያስል ሰው ዞር ብሎም አያይም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን ከለከለ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥንም እንዲሁ። ዛሬ መኪናህ ውስጥ ሲጋራ የሚለኩስ ቢኖር አንተ አፍህን ሳትከፍት ተሳፋሪው ራሱ ያስቆመዋል። ልማድ ይለወጣል። በለንደን ከተማም በ2000 ዓ.ም. ግንቦት 24 ቀን በባቡርና በአውቶቡስ ውስጥ መጠጣት ሲከለከል፣ በዋዜማው ብዙ ሰው የመጨረሻችን ነው እያለ ባቡር ውስጥ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር፤ ሁከት ተነሣ፣ ጣቢያዎች ተዘጉ፣ የታሰሩም ነበሩ። ክልከላው ግን ጸና።

አውሮፕላን ውስጥስ ይሰጡ የለም ወይ? ላልከኝ፣ አዎ ይሰጣሉ። የሚቀዱት ግን የሠለጠኑ አስተናጋጆች ናቸው፤ ጠጪውን በቃህ ሲሉት ያቆማል፣ አልቆም ካለም ሲያርፉ ፖሊስ ይጠብቀዋል። አንተ ግማሽ አካልህን በበሩ አውጥተህ «አዳማ! አዳማ!» እየጠራህ፣ ሂሳብ እየተቀበልክ፣ መልስ እየቆጠርክ፣ የሰው ጠርሙስ ልትለካ አትችልም።

የሾፌሩን ነገር በአጭሩ ልበልህ፤ እሱ ክርክር የለበትም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ለሾፌር በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አልኮል የሚል ወሰን አስቀምጦ ነበር። እኔ ግን ለአንተ ሾፌር ወሰኑ ባዶ ነው እልሃለሁ። እነዚያ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች በሚርመሰመሱበት መንገድ ላይ ትንሽ የሚባል መዘግየት የለም። ጋቢና የተቀመጠ ጠጪ ደግሞ ብቻውን አይጠጣም፤ «አንድ ጉንጭ» እያለ ወደ መሪው ይዘረጋል። ስለዚህ ጋቢናን ከሁሉ አስቀድመህ ጠብቅ። የሃይላንድ ውኃ መስሎህ ካቲካላ እንዳያልፍብህ፤ ሽታው ይነግርሃል። ሾፌርህ ራሱ ጠጥቶ ከመጣ አትሳፈር፣ ሰውም አታሳፍር፣ ለተራ አስከባሪው ንገር። አደጋ ከደረሰ በኋላ ቢነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የዚያን ቀን ገቢ ከቀረብህ እኔ ቤት እራት አይጠፋም።

አሁን አከለካከሉን። የጠጣን ሰውና የሚጠጣን ሰው ለይ። ጠጥቶ ቤቱ ሊገባ የመጣውን አትመልሰው፤ አንተ ብትመልሰው ሞተር ሳይክሉን ሊያስነሣ ወይም በሌሊት አስፋልት ዳር ሊሄድ ይችላል። አሳፍረው። ከበሩ አርቀህ፣ ከሴትና ከሕፃን ለይተህ አስቀምጠው፤ ስልኩ ከኪሱ እንዳይወድቅ ጠብቅለት፣ ሰፈሩ ሲደርስ ቀስቅሰው። አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድገውን እናትም አትንካ፤ ጀሪካኗ ክዳኑ እስከተዘጋ ድረስ ጭነት ነው፣ እንደ ሌላው ጭነት አስተካክለህ ጫንላት።

ጠርሙስ የከፈተውን ግን መኪናው መናኸሪያ ውስጥ ቆሞ ሳለ አናግረው። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ፤ ከደረቀ ማንም አያጥፈውም። በሰው ፊት አትጩኽበት። ጎንበስ ብለህ «ጋሼ፣ እባክዎ እስክንደርስ ይክደኑልኝ» በለው። ጠርሙሱን አትንጠቀው፤ ያንተ አይደለም። እምቢ ካለ የከፈለውን ሙሉ ሂሳብ በእጁ መልስለትና ለሚቀጥለው መኪና ይጠብቅ። መንገድ ላይ ከከፈተ ደግሞ ሾፌሩን በቀስታ ንገረው፣ ትራፊክ ያለበት ቦታ ሲደርስ ያቁም፤ በጨለማና በሜዳ ሰው አይጣልም።

የኮንትራት ሥራ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። የሰርግ አጀብ ሲሆን፣ ወይም ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚሄድ ማኅበር መኪናችሁን ሲይዝ፣ «የተከራየነው እኛ ነን፣ ምን አገባህ?» የሚል አይጠፋም። ቁልቢ ደግሞ ቅርብ አይደለም፤ ከአዋሽ በኋላ የጨርጨር ጠመዝማዛ አለ፣ ሾፌሩ የሚነዳውም በጭፈራና በጩኸት መካከል ነው። ስለዚህ አንተና ሾፌሩ ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት ቃላችሁን ተናገሩ፦ መኪና ውስጥ አይጠጣም፣ አዋሽ ላይ እናቆማለን፣ የፈለገ ወርዶ ይጠጣል፣ ሾፌሩ ግን አይጋበዝም። ከተስማሙ ቀብዱን ተቀበሉ።