ስለ ኀዘንና ስለ መጽናናት፤ ማልቀስ የእምነት ጉድለት ነውን?

ክርስቲያን የሆነ ሰው የሚወደው ሲሞትበት ማልቀስ ይገባዋልን ወይስ አይገባውም? ይህ ጥያቄ በመጻሕፍት ቤት ብቻ የሚነሣ ክርክር አይደለም፤ ቀብር በዋለ ቍጥር በየድንኳኑ የሚነሣ ነው። ልጇ የሞተባት እናት ገና እንባዋ ሳይቋረጥ፥ ሊያጽናናት የገባው ሰው «እግዚአብሔር የወደደውን አደረገ፤ ማልቀስ እርሱን መቃወም ነውና ይብቃሽ» ሲላት ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ተናጋሪው ክፉ አስቦ አይደለም። ነገር ግን ቃሉ በእናቲቱ ላይ ሁለተኛ ሸክም ይጭንባታል፤ አስቀድሞ ልጇን አጣች፥ አሁን ደግሞ ስላለቀሰች ከፈጣሪዋ የተጣላች መስሎ ይታያታል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ምክር የሃይማኖት ልብስ ለብሶ ይምጣ እንጂ ከሃይማኖት የተገኘ አይደለም፤ ምክንያቱንም እንደ ዐቅሜ እገልጻለሁ።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። «መጽናናት» የሚለው ቃል ጸንዐ፥ ጸና ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ነፋስ ሲገፋው አለመውደቅን ያመለክታል እንጂ መርሳትን አያመለክትም። ለኀዘንተኛ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ስንል ሸክሙን እንደ ተሸከመ ይቁም ማለታችን ነው፤ ሸክሙን ይጣለው ማለታችን አይደለም። አንዳንዶች «ያስረሳህ» ይላሉ፤ ከርኅራኄ የተነገረ ቢሆንም ከፊተኛው ያነሰ ምርቃት ይመስለኛል። በግእዝ ደግሞ አጽናና ለማለት «ናዘዘ»፥ ተጽናና ለማለት «ተናዘዘ» ይባላል። ዛሬ በአማርኛ ኃጢአትን ለካህን መንገርን፥ በሞት ጊዜም የመጨረሻ ፈቃድን መናገርን ኑዛዜ የምንለው ከዚሁ የመጣ ነው። የቅኔ ተማሪ በዚህ ላይ ጥቂት ቢያስብ አይጎዳም፤ በልብ ያለውን አውጥቶ መናገርና መጽናናት በአንድ ግስ ውስጥ አብረው ይኖራሉና። እንግዲያስ ኀዘንተኛውን «ዝም በል» የሚለው ሰው የሚጽናናበትን በር ዘጋበት።

ስለ መከራ ሲነገር ሁሉ ኢዮብ ይጠቀሳል፤ የሚጠቀሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ምዕራፍ በተናገረው የምስጋና ቃል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደበትን ቀን እንደ ረገመ፥ ስለ ምን እያለ ፈጣሪውን እንደ ጠየቀ የሚያወሳ ጥቂት ነው። 3ቱ ወዳጆቹ ወሬውን በሰሙ ጊዜ ከየአገራቸው መጡ፤ አልቅሰው፥ ልብሳቸውን ቀድደው፥ 7 ቀንና 7 ሌሊት አንዲት ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋራ በምድር ላይ ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ መልካም አጽናኞች ነበሩ። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን የመከራውን ምክንያት እናውቃለን አሉ፤ የእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነውም ተከራከሩ። እግዚአብሔር ኢዮብን ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ገሥጾታል፤ ቍጣው የነደደው ግን በጠያቂው ላይ ሳይሆን በጠበቆቹ ላይ ነው። ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ እንደ ሆነ መሰከረለት፤ እነርሱም ይጸልይላቸው ዘንድ ወደ እርሱ ተላኩ።

በዚሁ መጽሐፍ ፍጻሜ ያለውን ቍጥር ልብ ማለት ይገባል። 7,000 በጎች የነበሩት ኢዮብ 14,000 ተሰጡት፤ 3,000 ግመሎች 6,000 ሆኑ፤ 500 ጥማድ በሬ 1,000 ጥማድ፥ 500 እንስት አህዮችም 1,000 ሆኑ። ልጆቹ ግን አስቀድሞ 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ነበሩ፤ በኋላ የተወለዱለትም 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ናቸው። ከብቱ ሁሉ እጥፍ ሲሆን ልጆቹ ስለ ምን እጥፍ አልሆኑም? ለዚህ የሚሰጠው መልስ እንዲህ ነው፤ ከብቱ ጠፍቷል፥ ልጆቹ ግን አልጠፉም፤ የፊተኞቹ 10 ልጆች በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያዋን ስለ ሆኑ ከኋለኞቹ 10 ጋራ ሲቈጠሩ እጥፍ ናቸው። በአገራችን ከሞት በኋላ ለሚወለድ ሕፃን ካሣ፥ ምትኩ፥ ማስረሻ የሚል ስም ማውጣት የቈየ ልማድ ነው። ስሙ የወላጆችን ቍስል ስለሚያሳይ አልነቅፈውም፤ ይሁን እንጂ የኢዮብ ሚስት በኋለኛው ልጅ የፊተኛውን ረሳች ብሎ የሚያስብ ሰው እናትን አያውቅም። ለበግ ምትክ አለው፥ ለሰው የለውም። የክርስቲያን መጽናናትም የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ የሞተው ተተክቷልና ተወው በማለት ሳይሆን፥ በእግዚአብሔር ፊት አልጠፋም በማለት ነው።

«እንኪያስ ሕያው ከሆነ ማልቀስ ስለ ምን?» የሚል ቢኖር መልሱን በቢታንያ፥ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ያገኘዋል። ጌታችን 4 ቀን የሆነውን ሙት ጥቂት ቈይቶ እንደሚያስነሣው ያውቅ ነበር፤ ወንድሟ እንደሚነሣም ለማርታ አስቀድሞ ነግሯታል። ቢሆንም ማርያምና ከእርስዋ ጋራ የመጡት ሲያለቅሱ ባየ ጊዜ እርሱም አለቀሰ። መምህራን ይህ እንባ በእውነት ሰው እንደ ሆነ እንጂ በምትሐት እንዳልታየ ያስረዳል ይላሉ። ከዚህም ጋራ ትንሣኤን ማወቅ እንባን እንደማያስቀር ያስረዳናል፤ ትንሣኤን ከእርሱ ይልቅ የሚያውቅ ማን ነውና? ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ የከለከለው ኀዘንን ሳይሆን ተስፋ የሌላቸውን ሰዎች ኀዘን ነው። ፊትን መንጨትንና ደረትን እስኪደማ መምታትን መምህራን ሲገሥጹ የኖሩት ስለዚህ ነው። (ለተዝካር ሲል በሬውን ሸጦ ድሀ የሚሆነውም በኀዘኑ ላይ ዕዳ ጨመረ እንጂ ሟቹን አልጠቀመም፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚፈልግ ነው።)

ቤተ ክርስቲያናችን እንባን እንደ ነውር አልቈጠረችም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው በወርኃ ጽጌ፥ ምድር በአበባ በተሸለመችበት ወራት፥ ሰቆቃወ ድንግል በዜማ ይደርሳል፤ ይኸውም የእመቤታችንን የስደት ኀዘን የሚያወሳ ልቅሶ ነው። ከዳዊትም መዝሙር 87ኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው፤ ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምስጋና ሲመለሱ፥ ይህ ግን የወዳጅን መራቅ ተናግሮ ያለ አንዳች የመጽናናት ቃል ያበቃል። አባቶች ይህን መዝሙር ከመጽሐፉ አላወጡትም፥ መጨረሻውንም አላለዘቡትም፤ ዳዊት የሚደግም ክርስቲያን ተራው ሲደርስ ይደግመዋል። ልቡ ተሰብሮ የምስጋና ቃል ከአፉ አልወጣ ያለው ሰው ይህን ብቻ ይዞ ቢቀርብ ጸሎት አድርሷል። የመታሰቢያውም ቀን በ3ኛው፥ በ7ኛው፥ በ12ኛው፥ በ30ኛው፥ በ40ኛውና በ80ኛው እያለ እስከ ሙት ዓመት፥ ከዚያም እስከ 7ኛው ዓመት ይዘልቃል። ኀዘንተኛው በ3 ቀን እንዲጨርስ የሚያስቸኩለው ጎረቤቱ ነው እንጂ ሥርዓቱ አይደለም።

ለመጽናናት ከቃል ይልቅ የሚያስፈልገው ምን እንደ ሆነ በ2012 ዓ.ም. ታይቷል። በመጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ የያዘው የመጀመሪያ ሰው በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፥ በዚያው ዓመት በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። በዚያ ወራት ሙት የወጣበት ብዙ ቤት ድንኳን ሳይጣል፥ ዕድርተኛ እንደ ልማዱ ሳይቀመጥ ቀረ፤ ልቅሶ የሚደርሰው በስልክ ሆነ። በስልክ የተነገረው ቃል ከወትሮው የተለየ አልነበረም፤ ያው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ነበር። የጐደለው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ የኢዮብ ወዳጆች በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ያደረጉት ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ወገኑን ብቻውን የቀበረ ሰው ዛሬም ስለ ሟቹ ሊያወራ ቢጀምር «ያለፈ ነው» ብሎ ማቋረጥ አይገባም፤ ያኔ ያልተደረሰ ልቅሶ ዛሬ ቢደረስ አልዘገየም።

አንድ ሥርዓት ብቻ ልጨምር። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፥ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ ጸሎተ ፍትሐቱ በሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ይደርሳል። ዘንባባ ይዞ ከቆመው ሕዝብ መካከል የሚሞተው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ጸሎቱ ስለ ሁሉም ነው። ልጇን የቀበረችው እናትና «ይብቃሽ» ያላት ሰው በዚያ ሰዓት አጠገብ ላጠገብ ይቆማሉ። ፍትሐታቸውንም በቁማቸው ከሰሙ በኋላ፥ የዘንባባ ቀለበት በጣታቸው አድርገው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ።